ወደ ላይ እሺ፣ ወደ ታች እምቢ

ከተማችን ፎርት ፔይን፣ አላባማ ጥግ ያለች፣
ላገሩ እግር ሁሉ ካልሲ ታለብስ ነበረች።
አባቴ ዴልበርት ሃስኪው የማሽኖቿ ሐኪም፣
ቀን መርፌ ያቃናል፤ ማታም ክንዱ አይደክምም፤
ጋራዡን ከፍቶ ይገባል፣ አሉሚኒየም ይሞርዳል፣
የብረቱ ብናኝ ከቅንድቡ ላይ ይወርዳል።

ከከተማው ሥር ሌላ አለ፣ ጨለማ የሚኖረው፣
ውሃ ድንጋይ ልሶ፣ ልሶ፣ ልሶ የቦረቦረው።
ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ከነሎይድ ጋር ይወርዳል፤
መውረድ ምን ችግር አለው? ክብደት ራሱ ያወርዳል።
ጣጣው መውጣት ላይ ነው።

ያኔ በቋጠሮ ነበር። በወፍራሙ ገመድ ላይ
ቀጭኑን ትጠመጥማለህ፤ በጣትህ ፈልቅቀህ፣
አላልተህ፣ ገፍተህ አንድ ክንድ፣
ተንጠልጥለህ፣ ደግሞ ፈልቅቀህ፣ ደግሞ አንድ።
ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣
ጭቃ የጠጣ ቋጠሮ እንደ ዓሣ ያሟልጫል።

ስዊዞች፣ አሉ፣ ንስርን ከነጎጆዋ ሊያጠኑ፣
ገመድ የሚነክስ እጀታ ሠርተው ገደል ላይ ፈጠኑ።
ዋጋውን በካታሎግ አይቶ አባቴ ሳቀና፣
«የሁለት ሳምንት ደመወዝ! እኔም እጅ አለኝና።»

አንዲት ጥርሳም ቁራጭ ናት፣ ባንዲት ፒን የምትዞር፣
ገመዱን ከብረት ግድግዳ አጣብቃ የምታስር፤
ወደ ላይ ስትገፋት እሺ፣ ትላላለች፣ ታልፋለች፤
ወደ ታች ስትስባት እምቢ፣ ጥርሷን ትነክሳለች።
የከበዳትን ያህል ታጠብቃለች።
«ሰውም እንዲህ ቢሆን…» አለ አንዴ፤
አልጨረሰውም። ሞረዱን ፈለገ።

ከጓሯችን የፔካን ዛፍ ገመድ ያስርና፣
ሦስት ከረጢት የዶሮ መኖ ያንጠለጥልና፣
እናቴ ዊዳ ሰዓት ትይዛለች፣ እኔ እጽፋለሁ።
ቁጥር አንድ ተጣመመች። ቁጥር ሁለት ተሰነጠቀች።
ቁጥር ሦስት ገመዱን እንደ ጎመን ከተፈች፤
ዶሮዎቹ ያን ቀን እስኪያቅታቸው በሉ።
አራትና አምስትን አላስታውስም።
ስድስት አስቀያሚ ነበረች፣ ወልጋዳ፤ እግሩ ላይ አሰራት።
ሰባት ግን አበራች። እሷን ለእጁ አደረጋት።

ያን ቅዳሜ ዘነበ። አሥራ ሦስት ነው ዓመቴ።
በሆዴ ተኝቼ ሳይ፣ ከጉድጓዱ ሥር አባቴ፣
የክብሪት ራስ የምታህል መብራት፤
ትወጣለች፣ ትቆማለች፣
ትወጣለች፣ ትቆማለች፣
ከዚያ ቁልቁል ተንሸራተተች።

አንድ ክንድ። ሁለት ክንድ።
ጭቃ የሰባትን ጥርስ ሞልቶት፣
እምቢ ማለት ረስታ።
ሎይድ ከጎኔ ስሙን ጠራ፤ እኔ ድምፅ አልነበረኝም።
የያዘችው ስድስት ናት። ያች የናቅናት።
ከታች ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየሁት ነገር መጣ፣
ከዚያም ቃል፦ «የጥርስ ብሩሽ! የጥርስ ብሩሽ ላኩልኝ!»

ከድንኳኑ የእናቴን አመጣን፣ ሮዙን፣
በሲባጎ አስረን ለቀቅንለት።
እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ የብረት ጥርስ አጠበ፣
እንደ ሕፃን ጥርስ፣ ቀስ ብሎ፣
ከታች ውሃው እየጮኸ።
ከዚያ ወጣ።

እናቴ ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም።
በብሩሹ ነው ብላ።

ፋብሪካው ተዘግቷል፤ ማሽኖቹ በመርከብ ሄዱ፤
የእጀታው ዘር በየሱቁ በየቀለሙ ተሰቅሏል።
አባቴ ሰማንያ አንድ ሞላው፤ ከበረንዳው እስከ በሩ
አራት ደረጃ ነው። ክንዴን ይይዛል፣
አንድ፣ ትንፋሽ፣ ደግሞ አንድ፤
ሲደክመው ጣቶቹ ይጠብቃሉ፣
ማታ ቆዳዬ ላይ እቆጥራቸዋለሁ።

ሰባትን የዋሻ ወዳጆች ማኅበር ጠየቀ፤ በመስታወት ውስጥ አለች።
ስድስትን ማንም አልጠየቀም።
ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ናት፣ ከቆርቆሮ መክፈቻው ጋር፣
ጥጓ ላይ ያን ቀን የደረቀ ጭቃ አላት።
ማንኪያ ስፈልግ አንዳንዴ እጄን ሳላይ እሰዳለሁ፤
አሁንም ትነክሳለች።