ወራጅ አለ

«ውረጂ» አለኝ አጎቴ፥ ከሐረጎ አፋፍ ላይ፥
ከደሴ የወጣው ጉም ገደል ሲገባ ሲታይ።
ሚኒባሱ ቆመ። ረዳቱ አጉረመረመ፤
ሻንጣዬ ከጣሪያው፥ ከዶሮ ጎን ተጋደመ።

«ኮምቦልቻ ሳንደርስ አንድ ነገር ላሳይሽ፤
ነገ ጅቡቲ ነሽ፤ እዚያ ማን ይነግርሻል ብዬ ሰጋሁልሽ።»

አጎቴ አበጋዝ፥ የጥንት ባሕር ኃይል፥
ዛሬ ኮምቦልቻ ሚዛን ጣቢያ የሚውል፥
ሐረጎን በወረደ ቁጥር አፍንጫውን ጨብጦ
ጆሮውን የሚከፍት፥ ትንፋሹን አምጦ።

በጣቱ አሳየኝ። ጉሙ ከጦሳ መጥቶ፥
ከገደሉ ጫፍ ሲደርስ የሚረግጠው አጥቶ፥
ግድግዳውን ታኮ ወደ ቦርከና ሲፈስ።
«ያ ነው» አለ፥ «ያ ነው። ውኃም እንዲህ ነው የሚፈስ።

ሐይቅ ላይ ያስተማርኩሽ የዋህ ውኃ ነው፥ እንደ ኩሬ፤
ባሕር ሌላ ነው፤ ይኸን ሳልነግርሽ አልተኛሁም እስከ ዛሬ።
ባሕር ውስጥም ገደል አለ፥ ሐረጎን የሚያስንቅ፥
ላዩ ኮራል ያበበ፥ ታቹ የማይታወቅ።
ከአፋፉ ስትንሳፈፊ፥ ቀለሙም ጸጥታውም ሰማያዊ፤
ለአፍታ ይረሳሻል፥ ሳንባሽ መሆኑ ምድራዊ።

ያኔ ዓሦቹን እዪ፦ አንገታቸውን ሽቅብ አቅንተው
ይቀዝፋሉ፥ ግን አይሄዱም፤ እዚያው ናቸው፥ ተግተው።
አረፋሽን እዪ፦ ሽቅብ መውጣት የሚገባው ትንፋሽ
ቁልቁል ሲወርድ ካየሽ፥ በአገጭሽ ሥር ሲያልፍሽ፥
እወቂ፥ ልጄ፤ ወራጅ ይዞሻል።
ወራጅ ነበር የምንለው። ጆሮሽን ይወጋሻል።»

«ጥጋቡ...» አለ፥ ድምፁ ትንሽ ወርዶ፥
«የመርሳ ልጅ፥ መጥለቅን ከኔ ጋር ለምዶ፥
ጭኑ የዋርካ ግንድ፥ የማይደክም ኳስ ተጫዋች፤
ዳህላክ ዳር ወራጅ ያዘን፥ እጅ ለእጅ፥ ወደ ታች።
እሱ ሽቅብ ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። የወንዝ ልጅ ስለሆነ
ውኃ በጉልበት የሚሸነፍ መሰለው። አየሩ መነመነ።

እኔ?»
ዝም አለ። ሲኖትራክ እየጮኸ አለፈን፥
የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ሸፈነን።
«እኔ ፈሪ ነበርኩ። ፈሪ ድንጋይ ያቅፋል።
ግድግዳውን ጨበጥኩ፤ ኮራሉ መዳፌን ልጦታል።»

መዳፉን ዘረጋልኝ፦ ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሻረ ጠባሳ።
ያኛው እጁስ? ማንን ለቀቀ? አልጠየቅኩም። እሱም አላነሳ።

«እና ስሚኝ። ድንጋይ ካለ ያዢ፤ እየዳኽሽ ውጪ።
ድንጋይ ከሌለ፥ ለገደሉ ጀርባሽን ስጪ፤
ወደ ጎን ቅዘፊ፥ ወደ ክፍቱ፥ ባዶው ቢያስፈራሽም።
ሽቅብ መታገል አየር ይጨርሳል እንጂ አያወጣሽም።
ወራጅ እንደ ሐሜት ነው፥ ግድግዳ ታኮ የሚሄድ፤
ዘወር ካልሽለት ይለቅሻል፤ ብቻ ልብሽ አይራድ።
ጃኬትሽን ንፊ፥ ግን እጅሽ ከማስተንፈሻው አይራቅ፤
የለቀቀሽ ለታ እንደ ቡሽ ትፈናጠሪያለሽ፥ ሳንባሽ እንዳይሰነጠቅ።
ሜትሩን እዪ። ባልንጀራሽን እዪ። ከትንሿ አረፋሽ አትቅደሚ፤
አምስት ሜትር ላይ፥ ቤት የደረስሽ ቢመስልሽም፥ ሦስት ደቂቃ ክረሚ።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ጠዋት ውኃው ካልጣመሽ፥ ቅሪ። አለቃሽ ይቆጣ፤
ባሕሩ ነገም አለ። እኔ ሌላ የእህት ልጅ ከየት ላምጣ?»

«ፋዘር! ሰው አስረፈድክ!» ረዳቱ በሩን ደበደበ።

ወረድን። ጉሙም አብሮን ወረደ፥ መስኮቱን እየላሰ።
አጎቴ አፍንጫውን ያዘ፥ እኔም ያዝኩ፤ ጆሮዬ ተከፈተ፥ ድምፅ ተመለሰ።
ኮምቦልቻ ከታች ታየች፥ የፋብሪካዋ ጭስ ቀጥ ያለ፤
ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ጮኸ፦ «ወራጅ አለ!»

እጄ፥ ማንም ሳያዘው፥ የፊቱን ወንበር ብረት ጨመደደ።
ባለ ጠባሳው መዳፍ ከላዩ አረፈ። ሰውዬው ወረደ።

መዳፉ አልተነሳም።