መጨረሻውን የሚያውቅ

ሐምሌ በገባ ሰሞን ፍኖተ ሰላም ላይ፣
ዝናብ ቆርቆሯችንን ሲቀጠቅጥ ከላይ፣
አንባቢ በጭቃ፣ በጎርፍ ተሰናክሎ፣
ባዶው ወንበር ሁሉ ጠረጴዛ አቅፎ ውሎ፣
አቶ ይበልጣል መጡ፣ ኃላፊያችን፣
ብጣሽ ብጣሽ ወረቀት አደሉ ለእያንዳንዳችን።
«ያነበባችሁትን፣ የወደዳችሁትን
ጻፉና ስጡኝ፣ አንዳንድ መጽሐፍ ብቻ።
በር ላይ ይለጠፋል። ሰው ሰውን ያምናል፤
ማስታወቂያ ያላመጣውን ወዳጅ ያመጣዋል።»

ምንይችል ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል ጻፈ፦
«ወፍራሙ ልብ ወለድ። አርባው ገጽ ዳገት ነው፤ ስንቱን አሳረፈ!
ጨክናችሁ ውጡት፤ ከዚያ ቁልቁለት ነው፣
ምሳ የሚያስረሳ፣ ሲጠሩህ የማያሰማ ነው።»

እትዬ አያልነሽ፣ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ፦
«የንብ እርባታውን። ሥዕልም አለበት።
ንግሥቲቱ ስትሞት ቀፎው የሚያሰማው ድምፅ ተጽፎበት
አልቅሼ ነው የጨረስኩት።
የግብርና ነው ብላችሁ እንዳትንቁት።»

አቶ ይበልጣል ራሳቸው የንብረት አያያዝ መመሪያውን፣
«ሁለተኛው እትም፣ እጅግ መሳጭ» አሉና
ፈረሙበት፣ ማህተም አሳረፉበት።
ማንም አልሳቀ።
እስኪወጡ ድረስ ማንም አልሳቀ።

እኔ ግን፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመመለሻ ቀን መቺ፣
የተገነጠለ ሰፊ፣ ቁጥር ለጣፊ፣
መጽሐፍን በጀርባው እንጂ በፊቱ የማላውቅ፣
ምን ብዬ ልጻፍ?
ሽታው ያጠገበው ወጥ ሠሪ ነኝ፤
አንድ እንኳ ጨርሼ አላነበብኩም። ይኸው፣ ተናገርኩ።
ብጣሼን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ማታ ስንዘጋ በሩ ላይ አየሁት
የጋሽ አንለይን። የሌሊት ዘበኛ ናቸው፤
ፊደል የቆጠሩት በሃምሳ ዓመታቸው፣
ጠመኔው ከጣታቸው ጋር እየታገለ፣ እየተሰበረባቸው።
መስመሩ እንደ ተዳፋት እርሻ ወደ ጎን አዘንብሎ፦
«ቀዩን መጽሐፍ። የታንኳ ቀዛፊውን።
ሦስተኛ መደርደሪያ፣ ከታች፣ በስተግራ።
አንብቡት እባካችሁ።»
ለምን እንደወደዱት የለም። እባካችሁ ብቻ።

ቤቴ ወሰድኩት። መብራት ጠፋ።
በስልኬ አነበብኩ፤ ስልኬ ሲሞት በሻማ፦
ማንበብ የማያውቅ ቀዛፊ፣ በእጁ የአደራ ደብዳቤ፣
የሱ ስም ያለበት እየመሰለው
ሌሊቱን ፖስታውን ሲዳብስ፣ ውሃው ሲገፋው፤
ማዶ ሲደርስ አንዲት ልጅ ተቀበለችው፣
ቀደደች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣
«ውድ…» አለች፣
አለቀ።
ማለቅስ አላለቀም፤ ተገንጥሏል።
ከመቶ ሃምሳ ስድስት ወዲያ የስፌት ክር ብቻ፣
ክሩ ላይ የደረቀ ሙጫ።
የእኔ ሙጫ። ሳላየው የለጠፍኩት፣
ቀዳዳውን ደፍኜ «ተጠግኗል» ብዬ የፈረምኩት።

ሳይነጋ፣ ዶፉ ሳያባራ፣ ዘበኛ ቤቱ ደረስኩ።
«ጋሽ አንለይ! ደብዳቤው ምን ይላል?»
አዩኝ። ፊታቸው ወደቀ።
«አንተም አታውቀው?»
ዝም አልን። ጠብታ ከጣሪያው ጣሳ ውስጥ ይቆጥራል።
«ሰባት ዓመቴ። የወሰደውን ሰው ሁሉ
ሲመልስ በር ላይ እጠብቃለሁ።
አንዱ ሳይከፍተው መለሰው፤
አንዷ ‹ደህና ነው› ብላኝ አለፈች።
ደህና ነው!
ልጄ፣ ለሰው ይጠቅማል ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤
የሚያውቅ ቢመጣ ብዬ ነው።»

ካፖርታቸውን ለሁለት ለበስን።
«‹ውድ› ብሎ የጀመረ ክፉ አይሆንም» አልኩ።
ቆዩ፤ አሰቡበት።
«እሱስ እውነት ነው። የክፉው ‹ጉዳዩ› ብሎ ነው የሚጀምር።»

ብጣሼን ከኪሴ አወጣሁ፤ ርሷል፤
ከሳቸው ሥር ለጠፍኩት፦
«ያው ቀዩን። ሦስተኛ መደርደሪያ፣ ከታች፣ በስተግራ።
ገጽ መቶ ሃምሳ ሰባት ቤቱ የቀረ ሰው ካለ
ያምጣልን፤
የዘገየበትን አናስከፍልም።»