እኛ፣ ሁለት ስንሆን

ልጄ ተኝቷል። እኔ በወጥ ቤቱ መብራት
ጓንት፣ ካልሲ፣ አንጠልጥል፣ የነገን ቃላት
በሳሚኛ እቀጽላለሁ፤
ከአራት ዓመት ልጅ በአንድ ሌሊት እቀድማለሁ።
ነገ ጓንቱን ሳጠልቅለት
ቃሉ ከእጄ ቀድሞ ይድረስለት።

ሳማል ነው ስሙ። ቀን የሚውለው
ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጀርባ ካለው
ቢጫ ቤት ነው፤ የቋንቋ ጎጆ ይሉታል፤
እርጥብ ጫማና ፊንላንድኛ ደጅ ይቀራል።
እዚያ ኡላ አለ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
ከካልሲው ቀዳዳ ብቅ ያለ አውራ ጣቱ፣
ምንጣፍ ላይ ተዘርፍጦ መረብ ይጠግናል፤
አያስተምርም፤ ያወራል፣ ያወራል፣
ስለ ሻፕሻ ዓሣ፣ ስለ በረዶ ስንጥቅ፣
ስለ አንድ ክፉ አጋዘን፣ ከገመድ ሱሪ ስለሚነጥቅ።
ሕፃናቱ ክሩን ያወሳስቡበታል፤
ይቆጣል። ቁጣውም ቃል ነውና ይለቀማል።

እናቴን በሰባት ዓመቷ ለአዳሪ ትምህርት ቤት ሰጧት፤
በፀደይ ስትመለስ አፏን ዘግተው መለሷት።
ምን እንዳደረጓት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ።
በፊንላንድኛ አጠበችኝ፣ በፊንላንድኛ አደግሁ።
ከሙስቲ ጋር ብቻ፣ ከውሻችን፣ ማገዶ ቤቱ ውስጥ፣
ሰው የሌለ ሲመስላት፣ ድምፅዋ ሲለወጥ፣
የሆነ ለስላሳ ነገር ስታወራ በግንዶቹ መሐል ሰማኋት።
የውሻ ቋንቋ መሰለኝ፤ በሙስቲ ቀናሁበት።

መጋቢት ነው። የኢናሪ ሐይቅ በረዶ ክንድ ያህላል።
መረቡን ልናይ ወጣን፤ ሳማል ፊት ፊት ይላል።
«እኛ እንጎትት» ልለው፣ ካጠናሁት አንድ ቃል መዝዤ፣
«ሚይ» አልኩት፣ አካፋዬን ተመርኩዤ።
ልጁ ቆመ። ዞሮ ነጩን ባዶ ቃኘ፤
ሦስተኛ ሰው ፈለገ፣ አላገኘ።
«አባዬ፣ ሌላው ማን ነው?
ሁለት ስንሆን ‹ሙኦይ› ነው፣ ‹ሚይ› የብዙ ነው።»
ሁለቱን ጓንቶቹን አንስቶ፣ «ሙኦይ» አለ ደግሞ፣
እንደ ዳኛ ተኮሳትሮ፣ ንፍጡን ሳይጠርግ፣ ፊቴ ቆሞ።

ሰዋስው ማንም አላስተማረው፤ ሠንጠረዥ አላየም።
እኔ ሦስት ክረምት አጥንቼው አፌ ላይ አልቆየም፤
ለሁለት ሰው ብቻ የተሰፋ «እኛ»፣ እንደ ጠባብ ብርድ ልብስ፣
ለሦስተኛ እግር የማይደርስ።
ስንመለስ ግን ዞሮ ያየው ባዶ ስፍራ ተከተለኝ።
ሦስተኛው ማን እንደነበር ገባኝ።

እሑድ ወደ አረጋውያኑ ቤት ሄድን። እናቴ አልጋዋ ላይ
መኪና ማቆሚያውን በመስኮት ስታይ፣
ሳማል ከነጫማው ወጣባት። ጣቱን ቀሰረ፤
እሷን፣ እኔን፣ ራሱን ቆጠረ፤
«ሚይ» አለ።

ዝም አለች። የግድግዳው ሰዓት ሄደ።
ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ በዚያው በረደ።
ከዚያ፣ በማገዶ ቤቱ ድምፅ፣ «ማን አስተማረህ?» አለችው።
«ኡላ።» «ይሄስ?» እኔን በአገጯ አሳየችው።
ያጠናሁትን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሰጠኋት፤
እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ሳል አጣደፋት፤
ዓይኗን ጠርጋ የሆነ ነገር አለችኝ፤
ለሙስቲ አይደለም፣ ለእኔ። ቃሉ አልገባኝ፤
ግን በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ ከእናቴ አንደበት፣
አጎንብሼ ተቀበልኩት፣ እንደ ምርቃት።

ሰኞ፣ ድምፁን እንደ እንቁላል ተሸክሜ ኡላን ጠየቅሁት።
መረቡን ጣለ፤ ሳቁን አልቻለውም፤ ጠበቅሁት።
«ይህ ልጅ እንደ ጉምሩክ ሹም ያወራል
ነው ያለችህ።» አሁንም ይስቃል።

ማታ ደብተሬን ዘረጋሁ፤ ከጓንት፣ ከካልሲ በታች
ጻፍኩት፦ ጉምሩክ።
አላውቀውም ነበር ይህን ቃል።