ባትሪ ያዢ

ዓርብ ነው፤ ሻርጃ ገና አልነቃችም፤
የነሐሴ ፀሐይ መንከስ አልጀመረችም።
ከሕንፃው ኋላ፣ ማንም ካልወረሰው አሸዋ ላይ፣
ካርቶን አንጥፌ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣
የያሪሴን ሆድ ነው የማየው እንደ ሰማይ።

ዘይቱ ከኮፓው በቀጭኑ ይወርዳል፤
ጥቁር ነው፤ ትኩስ ነው፤ ጣቴን ለብለብ ያደርጋል።
ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ሻርጃና ዱባይ ምልልስ፣
የሰው ፀጉር ስሠራ ውዬ፣ ማታ ስመለስ፣
በመኪና ሰልፍ መሐል የዋጥኩት ንዴት
እዚህ ሳህን ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ዘይት።

ጋራዥ ሄጄ ነበር። ሰውየው አሻግሮ ያየኛል፤
«ባለቤትሽን አምጪና እንነጋገር» ይለኛል።
የመኪናዋ ባለቤት ፊቱ ቆማለች፤ እንዴት አይታየውም?
ለሁለቱ አምስት መቶ ድርሃም አለ። አልተከራከርኩትም።

መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ፣ ትናንት ማታ፤
«ፊልትሮ» አልኩት ለሻጩ፤ አየኝ በዝምታ።
«ፍሬን ሸራ» ስለውማ ጭራሽ ግራ ገባው፤
እንደ ፍሬኑ «ሲጥ» ብዬ ስጮህለት ነው የገባው።
ከሁሉ ቃል አንዱ ብቻ አልተቸገረ፤
«ዘይት» ስለው «ዘይት» አለኝ፤ ቃሉ ዘመዳችን ነበረ።

አባቴ ኮምቦልቻ፣ ከመንገዱ ዳር፣
ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ እያለ ከብረት ጋር ሲነጋገር፣
ወንድሜን ሙሉሰውን ጠርቶ ቁልፍ ያስጨብጠዋል፤
«ይኼ አሥራ አራት ነው፤ ይኼ ወደ ግራ ይፈታል።»
እኔን ደግሞ፦ «ትብለጥ፣ ነይ፤ ባትሪ ያዢ።
ወደዚህ! ብርሃኑን አታወዛውዢ!»

ያዝኩ። ስንት ክረምት ያዝኩ፣ ክንዴ እስኪዝል ድረስ፤
ዓይኔ ብርሃኑን ተከትሎ ከቡሎን ቡሎን ሲመላለስ።
ቁልፍ የያዘውን ወንድሜን የገዛ እጁ ጋረደው፤
ሁሉን ያየሁት እኔ ነኝ፣ ማንም ሳያስበው።

ዘይቱ አለቀ። ሮንዴላው አዲስ። አሁን የፊት ጎማ።
ጉል ዛማን ከሦስተኛ ፎቅ ወረደ በነጠላ ጫማ፤
የፔሻዋር ሰው ነው፤ የከባድ መኪና ነጂ፤
ክሪኩ የሱ ነው። ክፋት የለበትም፤ ልማድ ነው እንጂ።
«እህቴ፣ አንቺ ተነሺ፤ ስጪኝ» ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣
«ስልክህን አብራና ያዝልኝ» አልኩት፣ «እዚህ ሥር ገና አልነጋ።»
ትንሽ አሰበ። ጢሙን ዳበሰ። ቁጢጥ ብሎ ያዘ።
ይመስገን፤ አንዴም እጁ አልተወዛወዘ።

ሸራው ተበልቶ ተበልቶ እንደ ብስኩት ሳስቷል፤
ብረት ብረት ሊነክስ የጥፍር ውፍረት ቀርቶታል።
ፒስቶኑን በሞርሳ ቀስ እያልኩ መለስኩት፤
አዲሱን አስገባሁ፤ ቡሎኑን አጠበቅሁት።
አምስት መቶ የተባልኩት በመቶ ሰማንያ አለቀ፤
ትርፉ የተላጠ ጣት ነው፤ ጥፍሬ ሥር ጥቁር ዘለቀ።

ሞተሩን አስነሳሁ። ፔዳሉን ስረግጠው ሰጠመ፤
ወለል ነካ እግሬ፤ ልቤ ቀጥ ብሎ ቆመ።
ከኮምቦልቻ፣ ከዘመን ወዲያ፣ አንድ ድምፅ፦ «ሙሉሰው!
ሸራ ቀይረህ እንዳትነዳ፤ መጀመሪያ ደጋግመህ ርገጠው!»
ለሱ ነበር የተነገረው። የሰማሁት እኔ።
ሁለት። ሦስት። አራት። ጠጠረ፤ ተመለሰ ወኔ።

ያረጀውን ዘይት በውሃ ጀሪካን ቀዳሁ፣ ለሚሰበስቡት ላደርስ፤
አሸዋው ላይ ጠብታ የለም፤ ዘበኛው እንዳይከስ።

ስልኬ ጮኸ። ሙሉሰው ነው፤ «ሚኒባሱ ሲጥ ይላል፤
ፍሬኑ መሰለኝ… ለጋራዥ ትንሽ ትልኪልኛል?»
«ገንዘብ የለም» አልኩት። «ካሜራህን ክፈት። ክሪክ አለህ? በል አምጣ።
ልጅህ የት ናት? ያብስራን ጥራት፤ ትውጣ።
ቁልፉን ለሷ ስጣት። አሥራ አራቱን። ቀስ ብላ ትፍታ።»
«እኔስ?» አለኝ።
«ባትሪ ያዝ።»

የምቀልድ መስሎት ሳቀ።
ፀሐይዋ ሕንፃውን ተሻግራ አሸዋውን አሞቀችው፤
ጉል ዛማን ግን እንደ ቆመ ነው፣
የስልኩን መብራት እንዳበራ፤
ማንም አጥፋ አላለውም።