ሁለት ጣት

የካቲት ነው። ኮሎምበስ በረዶ ለብሳለች፤
መኪናችን ከደጅ ጉብታ መስላለች።
እኛ ግን ማድ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ከበን፣
ሐምሌን እናወራለን፣ ካልሲ ደራርበን።

እልፍነሽ ደብተሯን ገልጣ ልትጽፍ ቃጣች፤
«አንደኛ» አለችና ብዕሯን ነከሰች።
አንደኛው ምንድን ነው? ገንዘቡ? ቀኑ ነው?
ወይስ ያ አለቃዬ፣ ፈቃድ ስጠይቀው
«ሐምሌ?» ብሎ ጣራ ጣራውን የሚያየው?

«አንደኛው ቁመት ነው» አለ ኪሩቤል፤
አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጠበቃ ይመስል
የመዝናኛ ፓርኩን ሕጉን አጥንቶታል፣
ከነአንቀጹ ጭምር በቃል ይወጣዋል፦
«ያ ሰማይ ጠቀሱ፣ ተገልባጩ ባቡር፣
አርባ ስምንት ኢንች ላልሞላ የለው በር።»

ትንሿ ምንታምር ያኔ ዝም አለች።
ከማቀዝቀዣው ጎን ሄዳ ተለጠፈች፤
ተረከዟን ገጥማ፣ አገጯን አንስታ፣
እንደ አዲስ ምልምል ደረቷን ነፍታ።
ሜትሩን ከመሳቢያ ፈልጌ አመጣሁ፤
አናቷ ላይ መጽሐፍ አጋድሜ ያዝሁ፤
በእርሳስ ጫር አድርጌ ቁጥሩን አነበብሁ፦
አርባ ስድስት ከሩብ።
ጣቴን ደርድሬ አየሁ።
ሁለት ጣት።
ሁለት ጣት ብቻ።

«ፀጉሬስ?» አለች። «ፀጉር አይቆጠርም።»
«ጫማዬስ?» «ጫማማ... ጫማ አይከለከልም።»
ቃሉ ሳያልቅ ሮጠች። ስትመለስ፣ ደንቆን፣
የእናቷን የበረዶ ቦት አጥልቃ አየን፤
እስከ ጉልበት ውጧት፣ ወለሉን እያንኳኳች፣
«በሐምሌም እግሬን ይበርደኛል» እያለች።

ወደ ሒሳቡ ተመለስን።
ትኬት ለአራት ነፍስ፣ ሁለት ሌሊት አልጋ፣
ቤንዚን፣ የመኪና ማቆሚያም በዋጋ፤
የአንድ ጠርሙስ ውኃ ዋጋውን ስሰማ
ግመል ሆኖ መሄድ ተመኘሁ፣ ሳልጠማ።
«ዳቦ ቆሎ ልቋጥር» አለችን እልፍነሽ፤
«ምግብ ማስገባት ክልክል፣ አንቀጽ አምስት፣ ይኸውልሽ»
አለ ያ ጠበቃ።

በመጨረሻማ ዕቁብ አልን፤ ዕቁብ የቤት፣
አራት ሰው፣ አንድ ዕጣ፣ ጠብ የሌለበት፣
ባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ብልቃጥ ዳኛ ሆኖበት።
ምንታምር ከቦቱ ውስጥ ሳንቲም አወጣች፤
ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ፤ ጣለች፤
ኳ! አለ። ተጀመረ።

«ትንሿ ካልደረሰች» አለች እልፍነሽ ቀስ ብላ፣
«ከታች አብሯት የሚቆም ሰው ያሻል፣ ከለላ።»
«እኔ እቆማለሁ» አልሁ፣ አንገቴን ደፍቼ፣
ለልጄ ስል ብቻ ደስታዬን ገፍቼ።
አየችኝ። ታውቃለች። አምና፣ መጋዘን ውስጥ፣
መሰላል ሦስተኛ እርከን ላይ ጉልበቴ ሲቀልጥ
ሁለት ሰው ነው እኮ ደግፎ ያወረደኝ።
ሁለት ጣት! እሰይ! ሁለት ጣት ታደገኝ።

ሌሊት ግን ሰማሁት፣ ማቀዝቀዣው ሲከፈት፤
በጨለማ ቆማ ወተት ግጥም ስታደርግበት፣
አንዴ፣
ደግሞ አንዴ፣
ደግሞ።
ምን ብዬ ልጸልይ? እደጊ? ወይስ ቆይ?
አባት ነኝ፤ ፈሪ ነኝ፤ ሁለቱን ባንድ ላይ።

ጠዋት ለሥራ ስወጣ፣ እዚያው ግድግዳው ላይ፣
ከኔ ጭረት በላይ አዲስ መስመር ባይ፣
ጎኑ ላይ ተጽፏል በተንጋደደ ፊደል፤
ሐመሩን ሐ ዘላ፣ «ሃምሌ» ነው የሚል።
ከዚያም ከፍ ብሎ፣ ወንበር ላይ ወጥታ ይሆናል፣
ሌላ መስመር አለ፤ እሱ «አባቢ» ይላል።

ደብተሩ ክፍት ነው፤ «አንደኛ» አሁንም ባዶ።
ውጪ መኪናዬን ይጠብቃል በረዶ።
ኮቴን እንደለበስሁ ከመስመሩ ሥር ቆምሁ።
ቁመት ብቻ ከሆነ፣ እኔማ አልፌአለሁ።