ተራራ ለማንሳት

«የመጣሁት» አልሁት፣ «ጮቄን ለማንሳት ነው።»
ጥበቃው ክንዴን አየ፦ «ብቻህን? ወይስ ሰው
የሚያግዝህ አለ?» ፈተሸና ሣቀ፣ በሩን ከፈተልኝ፤
ደብረ ማርቆስ፣ ሰኞ፣ የጥቅምት ማለዳ ጆሮዬን ሲልጠኝ።

ሰባት ቁጥር ገባሁ፣ ደብዳቤዬን ሰጠሁ፣
«ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ የጀመርሁ።
ሰባት ቁጥር ወደ አሥር፣ አሥር ወደ ባህል፣
ባህል ወደ ደን ክፍል፣ ደን ክፍልም «እኛ'ኮ የምንሰጥ ለችግኝ ነው» ሲል፣
ሲዞር ሰነበተ ያ ምስኪን ወረቀት፤
የሚመለከተው ብዙ፣
የተመለከተው ግን አንድ ዓይን ጠፋለት።

ረቡዕ ከሰዓት ላይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፎርም አወጡልኝ፣
ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው እያዩ አንድ ባንድ ጠየቁኝ።
«ስንት ሰው?» አራት ነን።
«ድሮን?» አልያዝንም።
«አውሬ ታስሮጣላችሁ?» ኧረ በፍጹም።
«ዓላማው?»
እዚህ ላይ ጉሮሮዬ ደረቀ።
ማስታወቂያ ነው። ለታሸገ ውሃ።
«እንግዲያው ንግድ ነው» አሉና አሰመሩ፣
ለትምህርት ነጻ ነው፤ ለንግድ ግን በቀን፣ በሰው፣ በካሜራ አባዝተው ደመሩ።
ገና ሳልቀርጽ ተቀረጥሁ።
ደረሰኙን ስጠብቅ፣ ለወሬ ያህል ጠየቅሁ፦
«ወጥተው ያውቃሉ?» «የት?» «ጮቄ።»
«እኔ?
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈርሜለታለሁ፤
በዚህች መስኮት በኩል ባርኔጣውን ብቻ፣ ደመናውን አያለሁ።»

ሐሙስ ፊርማ ጎደለ፤ ፈራሚው ለቀብር ቢቸና ሄደዋል።
ዓርብ ፈራሚው ገቡ፤ የማኅተሙ ቁልፍ ግን ስልጠና ላይ ውሏል።
አለቃዬ ደወለ ካዲስ አበባ፦ «ሌላ ተራራ የለም ወይ?
ፈቃድ የማይጠይቅ፣ ዝም ብሎ የሚነሳ፣ እዚያው መንገድ ዳር ላይ?»
ሰኞ ጥበቃው ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ «አልተነሳም?» አለኝ።
ለጮቄ ብዬ መጥቼ፣ ጮኼ ልመለስ ስል፣ ከውስጥ ስሜ ተጠራልኝ።

ሦስት ቀን። ጅብራ አይቆረጥ። እሳት አይነድ። ምንጩ አይነካ።
ቦታው እንደ ነበር ይመለስ።
ማኅተሙ ሰማያዊ፣ ጠርዙ የነካካ።

ሮብ ገበያን አልፈን መኪናው እያቃሰተ ሽቅብ ስንወጣ፣
ጉሙ ማንም ሳይጠይቀው ኬላውን አልፎ ገባ፣ ሲሻውም ወጣ፤
ባያብል፣ የኬላው ዘብ፣ የኛን ወረቀት ፊትና ጀርባውን አነበበ፣
ወደ ብርሃን ያዘው፣ እንደ ገና ገለበጠ፣ ደግሞ ከላይ ጀመረ፣ ቀስ እያለ ተነበበ።

ጅብራው እዚህም እዚያም በጉም መሀል ቆሟል፣
ተራራ ላይ ሆኖ ተራ የሚጠብቅ ባለጉዳይ መስሏል።
ተዋናይቷ ጠርሙሱን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በብርድ ተንቀጠቀጠች፤
ዘጠኝ ጊዜ ጠጣች፣ ዘጠኝ ጊዜ «አቤት ጥራቱ!» አለች።
በአሥረኛው ባያብል ጠጋ አለና በጆሮዬ፣
«ውሃው የዚህ ምንጭ ነው?»
«አይ፣ የከተማ ጉድጓድ ነው፣ ጌታዬ፤
ከዚህ የምንወስደው መልኩን ብቻ ነው።»
ዝም አለ። አሰበ። «ታዲያ የጠማው ሰው
የሚጠጣው የቱን ነው?»

ፎርሙ ላይ ይህ ጥያቄ አልነበረም።
ይበልጣል ሾፌሩ መስታወቱን ወለወለ፤ እኔም ወደ ሌንሱ ዞርሁ፣ አልመለስሁም።

በሦስተኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወረድን ወደ ኬላ።
ሻንጣችንን ከፈተ፣ የጫማችንን ጭቃ ሳይቀር አየ፣ ቀጥሎም ወደ ኋላ፣
ሲመሽ ከብቱን እንደሚቆጥር ሰው፣ ተራራውን ቆጠረ፣
መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ምላሱን ነክሶ፣ ጫረ፦

ገቡ አራት። ወጡ አራት።
የተወሰደ፦ መልክ።
ተራራው፦ ከቦታው አለ።

«አንብበህ ፈርም» አለኝ።