ምሰሶውን አትዪው

ሦስት ጊዜ ወድቄያለሁ የመንጃ ፈቃድ ፈተና፤
አራተኛው ቀጠሮ ለሐሙስ ነውና
እኔና ሚስተር ቦህዳን፣ በአሮጌ ቶዮታ፣
እንዞራለን ዊኒፔግን ከጠዋት እስከ ማታ።

ጥር ነው። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ይላል፤
መኪናው እንኳ ሲያድር ሶኬት ላይ ተሰክቷል፤
እንደ ስልክ፣ በገመድ፣ ከግድግዳው ሥር፤
ሳይሞቀው አይነሳም፣ አንድ ነን በዚህ ነገር።

የኔ ሐሳብ ግን ብርዱን፣ ገመዱን አያውቅም፤
ከኔ በፊት ይነቃል፣ ደወል አይጠብቅም፤
አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ መዝገቡን ይገልጣል፤
“ዛሬም ትወድቂያለሽ” ብሎ ይጀምራል።
“ልጅሽ ደውላ ነበር፣ ድምጿ ልክ አልነበረም፤
አለቃሽ ሰላም ሲልሽ ፈገግ አላለም፤
ይህ የጀርባ ሕመምም ዝም ብሎ አልመጣም።”
እንዲህ ነው የሚውለው፣ ዐቃቤ ሕግ ያለ ደመወዝ፤
ተከሳሿ እኔ፣ ከመሪው ፊት ስፈዝ።

ትናንት ወሰደኝ ከገበያ ማዕከሉ ጓሮ፣
የሚያዳልጥ በረዶ እንደ ከበሮ ተወጥሮ።
በመሐሉ አንድ፣ ብቻውን የቆመ
የመብራት ምሰሶ፣ ስንቱ መኪና ስሞት ወገቡ የጠመመ።
“ፍጥነት ጨምሪ” አለኝ። ጨመርኩ። “ፍሬን ያዢ።” ያዝኩኝ።
መኪናው ከእጄ ወጣ፤ ዓለም ዞረችብኝ።
ያን ሁሉ ሜዳ ትቼ፣ ያን ሁሉ ባዶ ቦታ፣
ዓይኔ ምሰሶው ላይ ተተከለ ለአፍታ፤
እጄ ዓይኔን ተከትሎ፣ ጎማው እጄን አምኖ፣
ሄድን፤ ሰተት ብለን፤ ወደ እሱ፣ እሱ ማግኔት ሆኖ።

አንድ ክንድ ሲቀር ቆምን።

ቦህዳን አልጮኸም፤ ጢሙን እየዳሰሰ
“ምን አየሽ?” አለኝ። “ምሰሶውን።” “መኪናሽም እዚያው ደረሰ።
እጅ ዓይንን ይከተላል፣ ስንዱ። ምሰሶውን አትዪው።
አለ፤ የለም አላልኩም። መንገዱን ግን ለዪው።”

ሃያ ጊዜ ዞርን። ዐሥራ ሁለቱን ሳትኩ፤
በስምንቱ ግን ዓይኔን ጎትቼ መለስኩ።
ዓይን ለካ እልኸኛ ነው፣ የባሰበት ከበቅሎ፤
ሲስቡት ይቆማል አራት እግሩን ተክሎ።

ትምህርቱን እቤት ይዤው ገባሁ።
ዕቃ ሳጥብ ሐሳቤ አዳልጦት “ልጅሽ ታማ ይሆን?” ሲለኝ፣
ጮክ ብዬ “ምሰሶ!” እላለሁ፣ ድመቷ እያፈጠጠችብኝ።
ከዚያ መንገዱን እፈልጋለሁ፤ ትልቅ ነገር አይደለም፤
ስልክ አንስቶ መደወል። “ጉንፋን ነው እማዬ” አለች፤ ሌላ የለም።
አለቃዬም ለካ ያን ቀን ጥርሱን ተነቅሎ ኖሮ
ሊስቅ አልቻለም፣ ከንፈሩ በማደንዘዣ ታስሮ።
ጀርባዬ ግን ያው ነው። ያማል። ምሰሶ ነው፣ ቆሟል፤
አጠገቡ ያለው መንገድ ለመሄጃ ይበቃል።

ሁሌ አይሠራም። ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስወጣ
አውቶቡሱ ሲያመልጠኝ፣ ንፋሱ ጉንጬን ሲቆጣ፣
መንገድ ፈለግሁ፣ ፈለግሁ፤ ሁሉም ምሰሶ መሰለ፤
አለቀስኩ፤ እንባዬ ሽፋሽፍቴ ላይ በረዶ አበቀለ።
ያም ከዐሥራ ሁለቱ ነው፤ መዝገቡ ላይ ይጻፍ፤
ስምንቱም ይጻፍ እንጂ፤ ለምን እሱ ይታለፍ?

ሐሙስ። ፈታኟ ወጣት ናት፣ ኮቷ ወይን ጠጅ፤
ምንም አትናገርም፤ ትጽፋለች ብቻ፣ በግራ እጅ።
ሜይን ጎዳና ላይ፣ ድልድዩጋ ሳንደርስ፣
ጎማው አዳለጠው፤ ላብ ወረደኝ እስከ ጥፍሬ ድረስ፤
በስተቀኝ አንድ ምሰሶ፣ ደግሞ ምን ያህል ቆንጆ!
ማስታወቂያ ለብሶ፣ ቆቡ የበረዶ ጎጆ።
አየሁት። አልዋሽም። አየሁት፤ ከዚያ ተውኩት፤
ዓይኔን በጉልበት ነቅዬ መንገዱ ላይ ጣልኩት።
እጄ ተከተለ። ጎማው ተከተለ።
ልቤም፣ ከሁሉ ዘግይቶ፣ ቦታው ተደላደለ።

ወረቀት ሰጠችኝ። “አላለፍሽም” ይላል፤
“ቁም የሚለው ምልክት ጋ ጎማሽ ተንከባሏል።”
ሐሳቤ መዝገቡን ገልጦ ጉሮሮውን ሲጠርግ
ቀደምኩት፦ “ዛሬ አንሸራተተችኝ፣ አልሰበረችኝም፣ ዊኒፔግ።”

ቦህዳን ማሞቂያውን ከፍቶ ውጭ ይጠብቀኛል፤
“እንዴት ሆንሽ?” ሳይል በፊት ፊቴን ያነብባል።
“ወደቅሁ” አልኩት፣ ሳቄ እያመለጠኝ።
“ምሰሶውስ?”
“ቆሟል፤ እዚያው ነው።”
ዝም ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።